ሕመምን መሰወር ጨዋነት ነውን?

እግዚአብሔር ሰውን ነፍስ ብቻ አድርጎ አልፈጠረውም፤ ሥጋ ብቻ አድርጎም አልፈጠረውም፤ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ሰው አደረገው እንጂ። ስለዚህ የነፍስን ድኅነት የምታስተምር ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሥጋን ሕመም እንደ ባዕድ ነገር አታየውም። በየዕለቱ ለሕሙማን ትጸልያለች፤ ምሥጢረ ቀንዲልን ትፈጽምላቸዋለች፤ በአልጋ የዋለውንም ካህኗ ሄዶ እንዲጠይቀው ታዝዛለች። እንዲህ ከሆነ፥ በመንደሮቻችን በጎ ምግባር መስሎ የሚኖር፥ ሲመረምሩት ግን ሞትን የሚያፋጥን ልማድ ሲገኝ፥ መምህራኗ ዝም ሊሉ አይገባቸውም።

ልማዱም ይህ ነው። በገጠር ከሚኖሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ብዙዎቹ በጡታቸው ላይ እብጠት ባገኙ ጊዜ ለባላቸውም፥ ለእናታቸውም፥ ለንስሐ አባታቸውም ሳይናገሩ ወራትን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ያሳልፋሉ። ነገሩ ሊሰወር ከማይቻልበት ሲደርስ፥ ይኸውም ቆዳው ቈስሎ ሽታው ለጎረቤት ሲሰማ፥ ያን ጊዜ ይታወቃል። ያን ጊዜ ግን ሐኪሙ ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ነው። ይህን ዝምታ ብዙ ሰዎች ጨዋነት ይሉታል፤ ትዕግሥት የሚሉትም አሉ፤ እምነት የሚሉትም አሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ሕመምን መሰወር በእውነት ጨዋነት ነውን? ትዕግሥትስ ነውን? እምነትስ ነውን?

ስለ ነገሩ ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባልና፥ አስቀድመን ስለ በሽታው ጥቂት እንናገር። የጡት ነቀርሳ፥ ዛሬ በሁሉ አፍ ካንሰር የሚባለው፥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ሰውነታችን እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እነዚህም በልክና በሥርዓት ይራባሉ። ከእነዚህ አንዱ ሥርዓቱን ጥሶ ያለ ልክ መራባት የጀመረ እንደ ሆነ ነቀርሳ ይሆናል። በመጀመሪያ በጡት ውስጥ እንደ ሽምብራ ወይም እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ወደ ብብት ዕጢዎች ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወደ ሳንባ፥ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይሠራጫል። በመጀመሪያው ደረጃ የተገኘው ብዙ ጊዜ ይድናል፤ በመጨረሻው ደረጃ በተገኘው ላይ ግን ሕክምና ሥቃዩን ያስታግሣል፥ ዕድሜንም ያስረዝም ይሆናል እንጂ ፈጽሞ ማዳን አይሆንለትም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2022 (እ.ኤ.አ.) በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ሰዎችም በእርሱ ሞተዋል። በአገራችንም በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) 16,000 ያህል አዲስ ሕሙማን እንደ ነበሩ ተገምቷል። ይኸው ድርጅት ስለ ፍጻሜው ሲናገር፥ ሀብት ባላቸው አገሮች በሽታው ከተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ ከ90 የሚበልጡት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በሕይወት ሲቆዩ፥ በሕንድ ከመቶ 66፥ በደቡብ አፍሪካም ከመቶ 40 ብቻ እንደሚቆዩ ያስረዳል። በሽታው አንድ ሲሆን ፍጻሜው ስለ ምን ይህን ያህል ተለያየ? የሴቶቹ ሥጋ ልዩ ስለ ሆነ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውም ሕክምና በቅርብና በሙሉ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው በእኛ እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ የመጀመሪያው ግን እጅግ ብዙው በእኛ በራሳችን እጅ ነው።

እንግዲህ ጊዜውን የሚያጠፋብን ምንድር ነው? ፊተኛው አታላይ የበሽታው ጠባይ ነው፤ በመጀመሪያ አያምምምና። የገበሬ ቤት እናት ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ እህል ስትፈጭ የምትውል ናት፤ ወገቧን ወይም ራሷን የሚያምማትን እንኳ ችላ የምትሄድ፥ የማያምማትን እብጠት እንደ በሽታ እንዴት ትቈጥረዋለች? የምታጠባ እንደ ሆነች ጡቴ ተቈጥቷል ትላለች፤ የማታጠባ እንደ ሆነችም ምች ነው ትላለች። ነገር ግን ይህ በሽታ ጠላት ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ በጸጥታ የሚገባ ነውና፥ አለማመሙ የደኅንነት ምልክት አይደለም። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት፤ የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ መለወጥ፤ የቆዳው መሰርጐድ፥ መቅላት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጫፉም ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፤ በጫፉ ዙሪያ የማይድን ቍስል። ከእነዚህ አንዱን ያገኘች ሴት ሁሉ ነቀርሳ ይዟታል ማለት አይደለም፤ በጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ፥ ከአሥሩም እስከ ዘጠኝ የሚደርሱት፥ ነቀርሳ ያልሆኑ ናቸው። ስለዚህ መታየት ለብዙዎቹ ፍርሃትን የሚያርቅ፥ ለጥቂቶቹም ሕይወትን የሚያተርፍ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ አጥፊ ሐፍረት ነው፤ የጽሑፋችንም ዋና ነገር በዚህ ላይ ነው። ሐፍረት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሐፍረት ከኃጢአት የሚጠብቅ ነው፤ ይህ የነፍስ አጥር ነውና የተመሰገነ ነው። አለባበስን የሚያሳምር፥ ንግግርን የሚገራ፥ ትዳርን የሚያስከብር እርሱ ነው። ሁለተኛው ሐፍረት ግን ቍስልን ከሐኪም የሚሰውር ነው። ይህኛው የፊተኛውን ልብስ ለብሶ ይመጣልና ብዙዎችን ያስታል። ልዩነታቸውን ለማወቅ ግን አይከብድም፤ ፊተኛው የሚጠብቀው ሕይወትን ነው፥ ሁለተኛው የሚጠብቀው በሽታውን ነው። አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ስለዚህ ነው። የንስሐ ሥርዓታችንም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ኃጢአቱን ከንስሐ አባቱ የሰወረ ሰው አፍሮ ተከበረ አንለውም፥ አፍሮ ተጐዳ እንለዋለን እንጂ። በነፍስ ቍስል ላይ ያወቅነውን ሕግ በሥጋ ቍስል ላይ ስለ ምን እንረሳዋለን?

ይህ ሐፍረት በእኛ ዘመን ወይም በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፥ ከጌታ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው፥ ስለ አንዲት የፋርስ ንግሥት ይተርካል። ይህች ንግሥት አቶሳ የቂሮስ ልጅ፥ የዳርዮስም ሚስት ነበረች፤ ሁለቱም ነገሥታት በቅዱሳት መጻሕፍት ስማቸው የሚጠራ ነው። በጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ትንሽ ሳለ አፍራ ሰወረችው፥ ለማንም አልተናገረችም። ፈንድቶ እየሰፋ ሲሄድ ግን ዴሞቄዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠራችው፤ እርሱም እንዳዳናት ሄሮዶቱስ ይናገራል። በሽታው ነቀርሳ ይሁን ሌላ ቍስል፥ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። እኛ ከታሪኩ የምንወስደው ግን ይህ ነው፤ ወርቅና ሐኪም ያልቸገራት የታላቅ መንግሥት እመቤት ከገጠሯ እናት ጋር በአንድ ነገር ተካክላ ተገኘች፤ ይኸውም ጊዜውን በሐፍረት ማሳለፍ ነው። እንግዲያስ ድህነት ብቻውን አይደለም የሚገድለን ማለት ነው።

በዚህ ስፍራ መጻሕፍትን የሚያውቅ አንባቢ ብርቱ ጥያቄ ሊያቀርብልን ይችላል። የታላቁ የባስልዮስ ዘቂሳርያና የጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እኅት ቅድስት ማክሪና፥ በጡቷ ላይ ክፉ እብጠት በወጣባት ጊዜ ሰውነቷን ለሐኪም ገልጣ ለማሳየት እንቢ አላለችምን? በጸሎትስ አልዳነችምን? በእርግጥ ወንድሟ ጎርጎርዮስ በጻፈው ገድሏ እንዲህ ያለ ታሪክ ይገኛል። ቅድስቲቱ ሌሊቱን ሁሉ በእንባ ስትጸልይ አደረች፤ እንባዋ የወደቀበትንም ጭቃ እንደ መድኃኒት አደረገችው፤ በነጋውም እናቷ በእጇ በመስቀል ምልክት እንድታማትብባት ለመነቻት፤ እብጠቱም ጠፋ፥ በቦታው ጥቂት ምልክት ብቻ ቀረ። እኛ ይህን ታሪክ አንክድም፥ አናቃልልምም። ነገር ግን በትክክል እናንብበው እንላለን።

አንደኛ፥ ማክሪና ሕመሟን አልሰወረችም። እናቷ ታውቅ ነበር፤ በመጨረሻም ፈውስ የመጣው የእናቷ እጅ በታመመው ስፍራ ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። አቶሳ ለማንም አልተናገረችም፤ ማክሪና ግን የምታምነው ሰው ነበራት። ሁለተኛ፥ በዚያው ታሪክ ውስጥ እናቷ ኤሚሊያ፥ እርሷም ቅድስት እናት ስትሆን፥ የሕክምና ጥበብ ለሰው መዳን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብላ ልጇን ደጋግማ ለምናታለች። ጎርጎርዮስም የእናቱን ቃል እንደ ክሕደት አድርጎ አልጻፈውም። ሦስተኛ፥ ወንድሟ ባስልዮስ ራሱ የሕክምናን ነገር የተማረ፥ በቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ ያሠራ አባት ነው፤ ለመነኮሳቱም በሕክምና መጠቀም ከክርስትና ጋር እንደማይጣላ፥ ሰው ግን ተስፋውን ሁሉ በሐኪሙ ላይ ብቻ እንዳይጥል አስተምሯቸዋል። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ተአምርም ሕክምናም ያለ ጠብ ኖረዋል ማለት ነው። ተአምር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በሰው ላይ እንደ ሕግ አይጫንም። ለቅድስት የተሰጠውን ስጦታ ምክንያት አድርጎ ጎረቤቱን ከሐኪም የሚያስቀር ሰው ማክሪናን አልመሰላትም፤ እንባዋና ሌሊቱን ያደረ ጸሎቷ በእርሱ ዘንድ የለምና።

ሦስተኛው ጊዜ አጥፊ እምነትን አላግባብ መተርጐም ነው። እግዚአብሔር ያለው ይሆናል የሚለው ቃል በራሱ እውነት ነው፤ ስንፍናን ለመሸፈን ሲነገር ግን እውነትነቱን ያጣል። ጌታችን በበረሃ በተፈተነ ጊዜ፥ ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውርና መላእክት እንዲደግፉት ዲያብሎስ ጠይቆት እንደ ነበር፥ እርሱም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ እንደ መለሰለት እናውቃለን። መውረጃ ደረጃ እያለ ከጫፍ መወርወር እምነት አይደለም። ሐኪም እግዚአብሔር ካዘጋጃቸው ደረጃዎች አንዱ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታምሞ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰማለት፥ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚህ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ ከተሰማ በለሱ ለምን አስፈለገ? እግዚአብሔር በፈጠረው ነገር አማካይነት ማዳንን ስለማይንቅ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይ፥ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፥ መሥዋዕት እንዲያቀርብ፥ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጠው ያስተምራል። ንጉሥ አሳ ስለ ምን ተነቀፈ የሚል ቢኖር፥ የተነቀፈው ሐኪሞችን ስለ ጠየቀ ብቻ አይደለም፤ እነርሱን ሲፈልግ እግዚአብሔርን ስለ ተወ ነው።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። ጠበል የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ሀብት ነው፤ ብዙዎች ተፈውሰውበታል፥ ሁላችንም እንጠመቅበታለን፥ እንጠጣዋለን። ጠበልን ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላ ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ኤች አይ ቪ በአገራችን ብዙዎችን ይገድል በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ በብርቱ ተነሥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ሁለቱ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ፥ አንዱም ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ አስተምረዋል። ያን ጊዜ ለዚያ በሽታ የተነገረው ዛሬ ለዚህም ይሠራል። ወደ ጠበል የምትሄድ እኅት ትሂድ፤ ነገር ግን እብጠቷን ለሐኪም አሳይታ፥ የተሰጣትንም ቀጠሮ ይዛ ትሂድ። ሁለት ሱባዔ፥ ሦስት ሱባዔ እየተባለ ስድስት ወር ያለፈ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያው ቀን እንደ ባቄላ የነበረው ነገር እንደዚያው ሆኖ አይጠብቃትም።

ስለዚህ ሁሉ የበላይ ምሳሌ የሚሆነን ግን በወንጌል ያለችው፥ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ናት። ሕመሟ ከሴቶች ሕመም ሁሉ የሚያሳፍረው ነበረ፤ በሕጉም መሠረት ሰው እንዳይነካት የሚያደርግ ነበረ። ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ምንም አልተጠቀመችም። ስለዚህ በሕዝብ መካከል ተሰውራ ከኋላ መጥታ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፥ ዳነችም። ጌታችን በዚያው ሊያልፋት ይችል ነበር፤ ነገር ግን አላለፋትም። ማን እንደ ዳሰሰው ጠየቀ፤ እየተንቀጠቀጠች መጥታ እውነቱን ሁሉ እስክትናገር ድረስ ቆመ። ይህን ያደረገው ሊያሳፍራት ነበርን? አይደለም፤ ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም ሰደዳት። ሥጋዋን ከፈወሰ በኋላ የተሰወረችበትንም ሐፍረት ፈወሰላት። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የታመመችው ሴት መናገር እንደሚገባት፥ የሚሰማትም ሰው ልጄ ብሎ እንዲቀበላት እንደሚገባው። ሁለተኛው ከሌለ ፊተኛውን ከእርሷ ልንጠይቅ አንችልም።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ እውነተኛ ጥያቄ ነውና ልናልፈው አይገባም። ሕክምናው ሩቅ፥ ገንዘቡም የማይገኝ ከሆነ ማወቁ ምን ይጠቅማል? አላውቅም ብላ በሰላም መሞት አይሻላትምን? ለዚህ መልሳችን ሁለት ወገን ነው። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ቀድሞ የተገኘ በሽታ ሕክምናው የሚያጥር፥ ወጪውም የሚያንስ ነው፤ ሩቅ የሆነው ሕክምና ይበልጥ የሚርቀው ለዘገየችው ነው። ደግሞም በገጠር ለሚኖሩ ሴቶች መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ መሣሪያ አይደለም፤ የሠለጠነ እጅ ነው። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ድኆች ሰፈሮች በ1998 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፥ 150,000 ያህል ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ነበር። ሐኪሞች ያልሆኑ፥ ለዚሁ ሥራ የተማሩ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶቹን ጡት በእጃቸው ይመረምሩ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲገለጥ፥ በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ ይገኝ እንደ ነበር፥ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከልም በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከመቶ 30 ያህል እንደ ቀነሱ ታየ። ከዚያ በታች በሆኑት ዘንድ ግን የሞቱ ቍጥር ሲቀንስ አልታየም። ደግሞ በቻይና በሻንግሃይ ከተማ ከ266,000 በሚበልጡ ሴት ሠራተኞች ላይ የተደረገው፥ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት፥ ሴቶች ጡታቸውን ራሳቸው እንዲዳስሱ ማስተማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እንግዲህ ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ ያወቁትን ፈጥኖ ለሚመረምር ሰው ማሳየትና ሕክምናውን እስከ ፍጻሜ መከታተል ነው የሚያድነው።

መልሳችን ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ጠሪዎቹ ይመለሳል። ሴትን ነይ ተመርመሪ ብሎ ጠርቶ፥ በሽታ ከተገኘባት በኋላ ብቻዋን መተው በደል ነው። በኢየሩሳሌምና በኢያሪኮ መንገድ የቈሰለውን ያየው ደግ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን ካሰረ በኋላ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ ማደሪያ ወሰደው፤ ለባለ ማደሪያውም ገንዘብ ሰጠው፥ ተመልሼ የጐደለውን እከፍላለሁ አለው። ምሕረት ከማዘን ጀምሮ እስከ መክፈል ድረስ የሚሄድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ምልክቱ ለጤና ሠራተኛ ከታየበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል። 60 ቀን ከዐቢይ ጾማችን በጥቂት ቀን ብቻ የሚበልጥ ነው። አንድ ደብር ጾሙን በሙሉ በአንድነት የሚጾም ከሆነ፥ በዚያው ልክ ለሆነ ጊዜ አንዲትን እናት ተባብሮ ለማድረስ ምን ይሳነዋል?

ስለዚህ የየአንዳንዳችንን ድርሻ እንናገር። የንስሐ አባት በገጠር ቤት ሁሉ የሚገባ፥ ምሥጢርን የሚሰማ፥ ቃሉም የሚከበር ነው። ሕመሙን ይመርምር አንለውም፤ ያ የእርሱ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የንስሐ ልጁን ስለ ነፍሷ ሲጠይቅ ስለ ሥጋዋም አንዲት ጥያቄ ይጨምር፤ የሚሰማሽና የሰወርሽው ሕመም አለ ወይ ይበላት። አለ ካለችውም ሳይመረምር፥ ሳይነቅፍ፥ ኃጢአትሽ አመጣብሽ ሳይል፥ ሂጂና ታዪ፥ እኔም እጸልይልሻለሁ ይበላት። ከንስሐ አባቷ አፍ የወጣው ይህ ቃል ሐፍረቷን ከሌላው ምክር ሁሉ ፈጥኖ ያስለቅቃታል። መድኃኒት አቁሚ የሚል ቃል ግን ከካህን አፍ ፈጽሞ አይውጣ፤ በዚህ ምክንያት ለጠፋች ነፍስ መልስ መስጠት አለና።

ባልም የራሱ ግዴታ አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወድ አስተምሯል፤ የገዛ ሥጋው ሲቈስል በሬ ሸጦም ቢሆን የማይታከም ማን ነው? ብዙ ሴቶች የሚሰውሩት ጡቴ የተቈረጠ እንደ ሆነ ባሌ ይተወኛል ብለው በመፍራት ነው። ይህን ፍርሃት ሊያጠፋው የሚችል ሐኪም የለም፤ ባል ብቻ ነው። ጡት ሁልጊዜ በሙሉ ይቈረጣል ማለትም አይደለም፤ ቀድሞ የተገኘ እንደ ሆነና ቀጥሎ የጨረር ሕክምና የሚገኝ ከሆነ፥ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ሌላው የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ቢቈረጥም እንኳ፥ በተክሊልና በቍርባን የተዋሐዳትን ሚስቱን ስለ አንድ የሰውነቷ ክፍል የሚተው ሰው ቃል ኪዳኑን በምን ላይ እንደ መሠረተ ራሱን ይጠይቅ።

ማኅበርና እድርም ድርሻ አላቸው። በየወሩ በ21 ቀን በእመቤታችን ስም የሚሰበሰቡ እናቶች ጠላውን ከቀመሱና ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ፥ የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠርተው ለግማሽ ሰዓት ስለዚህ ነገር ቢሰሟት መልካም ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየጤና ኬላው የተመደቡት ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞች አብዛኞቹ የገጠር ልጆች የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ እኅት ለእኅቷ ብትናገር ሐፍረቱ ግማሹ ይወድቃል። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያም ወደ ሆስፒታል የምትሄድበትን ወረቀት ማግኘት ይቻላል። ቀድሞ የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ ነበር፤ አሁን በጎንደር፥ በጅማ፥ በሐዋሳና በሐረር የነቀርሳ ሕክምና ክፍሎች ተከፍተዋልና መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ አጥሯል። እድሮቻችንም አንድ ነገር ያስቡ። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፥ ንፍሮ እንቀቅላለን፥ ገንዘብ እናዋጣለን፥ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርተን እንቀመጣለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ለቀብሯ የምናዋጣውን ከፊሉን በሕይወት ሳለች ለመሳፈሪያዋና ለማደሪያዋ ብንሰጣት፥ ልጆቿንም እስክትመለስ ብንጠብቅላት፥ ድንኳኑን ላንተክለው እንችል ይሆናል።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳቸው ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ነው። ሰውነታችሁ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነው። የቤተ መቅደስ ጣሪያ ሲያፈስስ ያየ ሰው ነውር ነው ብሎ አይሰውረውም፤ ክረምቱ ሳይበረታ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይነግራል እንጂ። እናንተም በጡታችሁ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ባያምማችሁም፥ ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ለእናታችሁ፥ ለባላችሁ፥ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለጤና ሠራተኛዋ። የሚመረምረው እጅ የሴት እጅ እንዲሆን መጠየቅ፥ በተሸፈነ ስፍራም መታየት ነውር የለበትም፤ ጨዋነታችሁም በዚህ ተጠብቆ ይኖራል። ሁሉ ይድናል ብለን የሐሰት ተስፋ አንሰጣችሁም፤ ቀድመው ታይተውም የሞቱ አሉ። ነገር ግን የተናገረችው ሴት ብትድንም ባትድንም ብቻዋን አትሆንም፤ የሰወረችው ግን ሕመሟን ብቻዋን ትሸከማለች።

እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅነውን እንመልስ። ሕመምን መሰወር ጨዋነት አይደለም፤ ጨዋነት የሚጠብቀው ክብርን ነውና፥ በሽታ ክብር አይደለም። ትዕግሥትም አይደለም፤ ትዕግሥት ሊርቅ ያልቻለውን መከራ መሸከም ነው እንጂ ሊርቅ የሚቻለውን መመገብ አይደለምና። እምነትም አይደለም፤ እምነት በብርሃን ትመላለሳለችና። እግዚአብሔር አምላካችን የታመሙትን ይማርልን፤ የሚሰሙበትንም ጆሮ፥ የሚሸከሙበትንም ትከሻ ለሁላችን ያድለን። አሜን።